አኩስቲክ ካፕለር ወይስ በቀጥታ የሚሰካ ሞደም?

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1978 ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ ሲቢቢኤስ የተባለውን፣ ሰዎች በስልክ ደውለው በኮምፒውተር መልእክት የሚለዋወጡበትን የመልእክት ሰሌዳ ቺካጎ ውስጥ ሲከፍቱ፣ ኮምፒውተር መረጃውን በድምፅ መልክ በስልክ መስመር የሚልክበት መንገድ ሁለት ነበር፦ የስልኩን እጀታ የሚያቅፈው አኩስቲክ ካፕለርና መስመሩ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ሞደም።

ካፕለር ሁለት የጎማ ጎድጓዳ ማቀፊያዎች አሉት። ቁጥሩን በእጅ ይደውላሉ፤ ከወዲያ ፉጨት ሲሰሙ የስልኩን እጀታ ማቀፊያዎቹ ውስጥ ይጫኑታል። የመናገሪያውና የመስሚያው ጎን ከተገላበጠ መስመሩ አይያያዝም። እጀታው በደንብ ካልገጠመ የክፍሉ ድምፅ ይገባል፤ በር በኃይል ሲዘጋ ስክሪኑ ላይ ትርጉም የለሽ ፊደላት ይበተናሉ። ኤክስሞደም በተባለው የፋይል ማስተላለፊያ ደንብ ፋይል ሲወርድም እያንዳንዱ 128 ባይት ጥቅል ስህተት በተገኘበት ቁጥር እንደገና ስለሚላክ ሥራው ይንቀረፈፋል።

በ1981 የወጣው የሄይስ ስማርትሞደም ግን ራሱ ይደውላል፦ «ኤቲዲቲ» ብሎ ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል፤ ቁጥሩ በድምፅ ሳይሆን በተከታታይ ምት በሚደወልበት አሮጌ መስመር ከሆነ የመጨረሻዋ «ቲ» በ«ፒ» ትተካለች። ትልቁ ልዩነት ግን መልስ መስጠቱ ነው። «ኤቲ ኤስ0=1» ሲባል ስልኩን ራሱ ያነሳል፤ ካፕለር ይህን ስለማይችል ሰሌዳ ለሚያስተዳድር ሰው ከንቱ ነው። የሞደሙ ጠላት ሌላ ሰው ሲደውል መስመሩ ላይ የሚገባው የጥሪ መጠባበቂያ ድምፅ ነው፤ ግንኙነቱን ይቆርጠዋል። ይህን ድምፅ ለማጥፋት አሜሪካ ውስጥ ከቁጥሩ በፊት *70 ይጨመራል።

በፍጥነት አይበላለጡም። በሰከንድ 300 ቢት ማለት 30 ፊደል ነው፤ በመስመር 80 ፊደል ያለው ባለ24 መስመር ስክሪን ለመሙላት 64 ሰከንድ! ሽቦው ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ የሆቴል ስልክ ለሚሠራ መንገደኛ ካፕለሩ ይሻላል። ለቤት ሞደሙ።