ግራንት ይሻላል ወይስ "ሰርታችሁ አምጡ እንገዛለን"?

ለድሃ የሚጠቅም ክትባት ወይ ዘር እንዲሰራ ብር የሚወጣበት ሁለት መንገድ አለ፣ አንዱ ብሩን ቀድሞ መስጠት (ግራንት) ነው፣ ጌትስ ፋውንዴሽን በፈረንጆቹ 2008 የጀመረው ግራንድ ቻሌንጅስ ኤክስፕሎሬሽንስ በ2 ገጽ ማመልከቻ 100,000 ዶላር ይሰጥ ነበር፣ ላብ ውስጥ ሃሳብ ብቻ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ለሙከራው የሚያስፈልገውን ኬሚካል ይገዛበታል ይሞክራል፣ ካልሰራም አልሰራም በቃ።

ሌላኛው ደግሞ ውጤቱን ካመጣችሁ እንገዛለን የሚለው ነው። በ2009 ለኒሞኮካል ክትባት (የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያን የሚከላከል ነው) 1.5 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ፣ ኩባንያዎቹም ለድሃ አገሮች አንዱን ዶዝ በስተመጨረሻ ከ3.50 ዶላር ላያስበልጡ ተስማሙ። አሪፍ ነው፣ ግን ክትባቱ እኮ ሀብታም አገር ውስጥ ቀድሞም ነበር፣ የጠፋው ገዢ ነው። ገና ላብ ውስጥ በሙከራ ሳህን (ፔትሪ ዲሽ) ላይ ላለ ሰው ይሄ ምንም አይፈይድለትም። ሳይንሱ ራሱ ካልተፈታ እኔ ግራንቱን ነው የምመርጠው፣ ሪፖርት መጻፉ ቢያንገሸግሽም።