ተልባና የዓሣ ዘይት ወይስ የሐኪም መድኃኒት?

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ክፍል ይማራል። ትኩረቱ አይረጋም፤ ደብተሩን ስገልጠው እያንዳንዱ መስመር ተጀምሮ መሃል ላይ ቀርቷል። እናቴ ተልባ በማር በጥብጣ ታጠጣዋለች፤ ጎረቤት ደግሞ የዓሣ ዘይት እንክብል ይገዛለት ትላለች።

ተልባው ምግብ ነው፣ አልቃወምም። የዓሣ ዘይቱ ኦሜጋ 3 የተባለው ቅባት ግን ትኩረት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ቢኖር እንኳ ትንሽ ነው። የብረት እንክብልም የሚጠቅመው በደም ምርመራ ብረት ጎድሎ ለተገኘበት ልጅ ነው፤ ሲበዛ ይመርዛል። «ተፈጥሯዊ» ስለተባለ ብቻ አይታመንም።

ሐኪም ለትኩረት ችግር (ADHD) የሚያዝዘው ሜቲልፌኒዴት ግን በደንብ የተጠና መድኃኒት ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርኤፒኔፍሪን የተባሉት መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች ከፍ እንዲሉ ያደርጋል፤ አጭር ጊዜ የሚሠራው ዓይነት በ1 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ጉዳትም አለው፦ ልጁ ምሳውን ሊተው፣ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ በየጊዜው መለካት አለበት። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን በቅድሚያ የሚመከረው የወላጆች የልጅ አያያዝ ሥልጠና ነው።

እህቴን እንዲህ አልኳት፦ አስቀድመሽ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ፤ እንቅልፉንም ተከታተዪ። ሐኪሙ የትኩረት ችግር መሆኑን ካረጋገጠ መድኃኒቱን አትፍሪው። ተልባውን እማዬ ትቀጥል፤ እንክብል ከተገዛ ግን ለሐኪሙ ሳትነግሪው እንዳትቀሪ።