በእጅ የተሠራ ኤሌክትሪክ ጊታሬና የቅኝት ጣጣው፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ይህን ጊታር በከተማው ዳርቻ ከሚሠራ የእንጨት ባለሙያ አሠርቼ የተረከብኩት ባለፈው ኅዳር ነው። አካሉ ዋንዛ፣ አንገቱ ከውጭ የመጣ ሜፕል፣ ፍሬቶቹ (ድምፁን የሚከፋፍሉት ቀጫጭን የብረት መስመሮች) የተተከሉበት ገጽ ደግሞ ወይራ ሲሆን፣ የክሩ ርዝመት ከነት (ክሮቹ ከቁልፎቹ ወርደው ከሚያልፉበት ቁራጭ) እስከ ብሪጅ (አካሉ ላይ ክሮቹ እስከሚያርፉበት) 628 ሚሊ ሜትር ነው። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ምሽት እንጦጦን ተሻግሬ ከተማ እየወረድኩ ከባንድ ጋር እጫወታለሁ። ስለ ድምፁ ብዙ አልልም፤ ወድጄዋለሁ። የምጽፈው ለአራት ወር ያህል እንቅልፍ ስለነሳኝ ጉዳይ፣ ማለትም ቅኝቱን አለመጠበቁ ነው።

ችግሩ ከሁሉ በላይ የሚጋለጠው ትዝታ ስንጫወት ነበር። ትዝታ አምስት ድምፅ ብቻ ስላለው፣ ጊታሪስቱም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ክሩን በጣቱ እየገፋና እያንሸራተተ ስለሆነ፣ ተገፍቶ የተመለሰው ክር ጥቂት እንኳ ዝቅ ካለ ቅኝቱ ከማይነቃነቅ ኪቦርድ አጠገብ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። የእኔ ሦስተኛ ክር፣ ጂ የምንለው፣ ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርጌ ከገፋሁት በኋላ በቲዩነሩ (ቅኝት በሚለካው መሣሪያ) ላይ ከ12 እስከ 15 ሴንት ወርዶ ይታይ ነበር፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። የክራር ተጫዋች በዘፈንና በዘፈን መካከል ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን ክር መልሶ ሲያጠብቅ አድማጩ በትዕግሥት ይጠብቀዋል። ጊታሪስት ግን ይህ ወግ አልደረሰውም።

ያማከርኳቸው ሁሉ የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፦ የመቃኛ ቁልፎቹን ቀይር። ስለዚህ በየካቲት ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ በኩል ክሩን ቆልፈው የሚይዙ ጎቶ የተባሉ የጃፓን ቁልፎች አስመጣሁ። በእነዚህ ቁልፎች ክሩ ዘንጉ ላይ ደጋግሞ መጠምጠም ስለማያስፈልገው፣ ከዙር ብዛት የሚመጣው መላላት ይቀራል፤ ክር መቀየርም ከሩብ ሰዓት ወደ አምስት ደቂቃ ወረደልኝ። ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ አላማቸውም። ይሁን እንጂ ጂው አሁንም ወደ 12 ሴንት ገደማ ይወርድ ነበር፤ በላዩም የቁልፎቹ ክብደት ከዋንዛው ቅለት ጋር ተደምሮ የጊታሩ ራስ ወደ መሬት ማዘንበል ጀመረ። ያወጣሁትን ገንዘብ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

እውነተኛው ጥፋት የተገለጠልኝ አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ፣ ያለ አምፕሊፋየር፣ ጊታሩን ጆሮዬ አጠገብ ይዤ ስቃኝ ነው። ቁልፉን ቀስ ብዬ ሳዞር ድምፁ አይነቃነቅም፤ ጥቂት ቆይቶ «ቲክ» ይልና በአንድ ጊዜ ዘልሎ ከሚፈለገው በላይ ይወጣል። ይህ ድምፅ የሚመጣው ከነቱ ነው። ነት ስል የብሎን ዳዶ ማለቴ ሳይሆን፣ ክሮቹ ከቁልፎቹ ወርደው ወደ አንገቱ ሲገቡ የሚያልፉበትን ስድስት ጭረት ያለውን ጠባብ ቁራጭ ነው። ክሩ ሲገፋ በጭረቱ ውስጥ ወደ ብሪጁ ይሳባል፤ ሲለቀቅ ግን ጭረቱ ስለሚይዘው ወደ ቦታው አይመለስም፣ ትርፉም በሚጮኸው በኩል ስለሚቀር ድምፁ ይወርዳል። ይህን ለማረጋገጥ የወረደውን ክር ከነቱ ኋላ፣ በቁልፉ በኩል፣ በጣቴ ተጫንኩት፤ ድምፁ ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ። ቁልፉ ሳይነካ የሚስተካከል ቅኝት ጥፋቱ የቁልፉ አይደለም። ትሬሞሎ (ብሪጁን እያንቀሳቀሰ ክሮቹን የሚያላላ እጀታ) ያለው ጊታር ሲሆን ምልክቱ ይገለበጣል፤ እጀታው ወደ ታች ተጭኖ ሲለቀቅ፣ የተያዘው ክር ከፍ ብሎ ይቀራል።

ባለሙያው የሠራው ነት ለስላሳ ፕላስቲክ ሲሆን የጂው ጭረት እኔ ለምጠቀምበት 0.43 ሚሊ ሜትር ክር ጠባብ ነበር። አዲሱን ከበሬ ቅልጥም ለመሥራት ወሰንኩ። ከሥጋ ቤት ያመጣሁትን የመጀመሪያውን አጥንት የግቢው ውሻ ወሰደው። ሁለተኛውን ቀቅዬ፣ ስቡን አስለቅቄ፣ በሚያዝያ ፀሐይ ሳምንታት አድርቄ፣ በመጋዝ ቆርጬ አስተካከልኩት። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ሞረድ ስላልነበረኝ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቀጭን ክር ላይ ጠቅልዬ ጭረቱን ከክሩ በጥቂቱ እስኪሰፋ ድረስ አሸሁ፤ ወለሉንም ወደ ቁልፉ አቅጣጫ አዘንብዬ፣ ከክሩ ውፍረት ግማሹ ብቻ እንዲቀበር አደረግሁ። በመጨረሻ የ2ቢ እርሳስ ጫፍ በጭረቶቹ ውስጥ አመላለስኩ፤ ግራፋይቱ ክሩን ያንሸራትተዋል። አጥንቱ በእርሳሱ መጥቆሩ ለዓይን አያምርም፤ «ቲክ» የሚለው ድምፅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተሰማም፣ ጂውም ከተገፋ በኋላ የሚስተው ከ3 ሴንት አይበልጥም።

ከዚህ በኋላ የቀረው የአየሩ ነገር ነው። ከሱሉልታ ብርድ ወጥቶ መብራት ወደሚያቃጥለው መድረክ የገባ ክር ብረት ስለሆነ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ ስለዚህ ሳጥኑን ከመጫወታችን በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ከፍቼ አስቀምጠዋለሁ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሲጠነክር ስድስቱም ክሮች አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ መውረድ፣ ከፍሬቱም ከፍ ማለት ጀመሩ። አንድ ክር ብቻውን ሲስት ነቱን፣ ሁሉም አብረው ሲስቱ አንገቱን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ እርጥበት እንጨቱን ስለሚያሳብጠው አንገቱ ወደ ፊት ጎብጦ ነበር፣ ትረስ ሮዱን፣ ማለትም አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን ማስተካከያ የብረት ዘንግ፣ ሩብ ዙር ማጥበቅም በቃው።

ነቱ እንከን የለውም አልልም። ጭረቱን ሳሰፋ ሳላስበው ትንሽ አጥልቄው ኖሮ፣ ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ ጂው ባዶውን ሲመታ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ እየተንዘረዘረ ነው፤ ሌላ ነት መሥራት ሊኖርብኝ ነው። ቅልጥሙ ተቀቅሎ ተዘጋጅቷል፤ በዚህ ዝናብ ግን በቅጡ ስለማይደርቅ፣ መስከረም እስኪጠባ ድረስ ከምድጃው በላይ፣ ውሻው በማይደርስበት ከፍታ ሰቅዬዋለሁ።