የፒካቹ ዴክ በየወቅቱ ሲመዘን፦ ሁሉ ነገር 90 ላይ ነው

ፖኬሞን ቲሲጂ ፖኬት የተባለው የሞባይል የካርታ ጨዋታ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ፒካቹ ኢኤክስ የችኩሎች ዴክ ነው። ዴክ ተጫዋቹ ለጨዋታ የሚያዘጋጃቸው 20 ካርታዎች ናቸው፤ ኢኤክስ ደግሞ ኃይለኛ ሆኖ ሲወድቅ ሁለት ነጥብ የሚያስከፍል ካርታ ነው። ፒካቹ ሁለት የመብረቅ ኢነርጂ (ለመምታት የሚያስፈልግ ኃይል) ይዞ፣ ከኋላው ለተቀመጠ ለእያንዳንዱ የመብረቅ ፖኬሞን 30 ይመታል። ተጠባባቂ ወንበሩ ሦስት ብቻ ስለሚይዝ ጣሪያው 90 ነው፤ ምቱን በ10 የሚጨምረው የጆቫኒ ካርታ ሲታከልበት 100። ሜታው (በወቅቱ የሚዘወተሩት ዴኮች) በተለወጠ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየው እንግዲህ የባላጋራው ነፍስ፣ ማለትም ሳይወድቅ የሚችለው የጉዳት መጠን ነው።

የመነሻው ዝርዝር፦ ፒካቹ ኢኤክስ 2፣ ዛፕዶስ ኢኤክስ 2፣ ብሊትዝል 2፣ ዜብስትሪካ 2፣ ፖኬ ቦል 2፣ የፕሮፌሰር ምርምር 2፣ ጆቫኒ 2፣ ሳብሪና 2፣ ኤክስ ስፒድ 2፣ ፖሽን 2። ድምሩ 20። ቀድሞ የሚጀምረው ሰው በመጀመሪያ ተራው ኢነርጂ አያገኝም፤ ሁለተኛው ግን ያገኛል፣ በሁለተኛ ተራውም ይመታል። ስለዚህ ሁለተኛ መሆን ሲደርሳችሁ አትዘኑ። ጀማሪ የሚሳሳተው ወንበሩን ሳይሞላ በመምታት ነው፤ አንድ ተጠባባቂ ይዞ 30 መምታት ትርፉ ድካም ነው። ፖኬሞን የሚያመጣውን ፖኬ ቦል ካርታ ከሚያስስበው ምርምር አስቀድሙ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሂሳቡ ያማረ ነበር። ቻሪዛርድ ኢኤክስ 180 ነፍስ አለው፣ ሁለት ጊዜ 90 ልክ 180። ሚውቱ ኢኤክስ 150 ነው፣ እሱም በሁለት ምት ይወድቃል። ታኅሣሥ ላይ አዲስ ካርታ ሲመጣም ጋያራዶስ ኢኤክስ ለመብረቅ ደካማ ስለሆነ እያንዳንዱ ምት ሃያ እየጨመረለት ፒካቹ አልተጎዳም።

የጎዳው በጥር ወር የመጣው ካርታ ነው። ጃይንት ኬፕ የተባለው ዕቃ ለለበሰው 20 ነፍስ ይጨምራል። ቻሪዛርድ 200 ሆነ ማለት ነው፤ በሁለት ምት ለመጣል ጆቫኒን ሁለቱንም ጊዜ ማውጣት ግድ ነው። ከዚያ የባሰው ሳይረስ የተባለው ካርታ ነው። ቀደም ሲል የቆሰለ ፒካቹን ማፈግፈግን በሚያቀልለው ኤክስ ስፒድ ወደ ኋላ መሸሸግ ይቻል ነበር። ሳይረስ ግን የቆሰለውን ከወንበሩ ጎትቶ ፊት ያመጣዋል፣ አንድ ኢኤክስ ሲወድቅ ደግሞ ለማሸነፍ ከሚያስፈልጉት ሦስት ነጥቦች ሁለቱ ለባላጋራው ሄዱ። በዚሁ ወቅት የመጣው፣ የተፋላሚ ዓይነት ፖኬሞኖችን ምት በ20 የሚጨምረው ሉካርዮም ነገር አበላሽቷል። ተፋላሚው ማሮዋክ ኢኤክስ ሁለት ሳንቲም ወርውሮ ለእያንዳንዱ ዘውድ 80 ይመታል፤ ፒካቹ ለተፋላሚ ደካማ በመሆኑ 20፣ የሉካርዮ ጭማሪ 20፣ በአንድ ዘውድ 120። የፒካቹ ነፍስ ስንት ነው? 120።

ማስተካከያው ቀላል ነው። አንድ ሳብሪና አውጡና ሳይረስ አስገቡ፤ ሁለቱን ፖሽን በሁለት ጃይንት ኬፕ ለውጡ፣ ፒካቹ 140 ይሆናል። ዜብስትሪካ በአንድ ኢነርጂ የፈለገውን ፖኬሞን 30 ስለሚወጋ፣ ወንበር ላይ ያለውን አቁስሎ በሚቀጥለው ተራ በሳይረስ ማውጣት የዚህ ዴክ ምርጥ ተንኮል ሆኗል። መጋቢት ላይ ደረጃ ያለው ውድድር ሲጀመር የመጣው ሬድ የተባለው ካርታ ደግሞ ኢኤክስ ላይ 20 ይጨምራል። 130 ነፍስ ያለው ስታርሚ ኢኤክስ ላይ አስቡት፦ 90፣ ድክመቱ 20፣ ሬድ 20። በአንድ ምት አለቀ። በጆቫኒ ግን አሥር ይጎድላል። አንዱን ጆቫኒ በሬድ መተካት ያዋጣል፤ በአንድ ተራ አንዱን ብቻ ማውጣት እንደሚቻል ግን አትርሱ።

ዛፕዶስ ቁማር ነው። አራት ሳንቲም፣ ለእያንዳንዱ ዘውድ 50። ከ16 አንዴ አራቱም ጎፈር ይሆናሉ፤ 150 እና ከዚያ በላይ የሚመጣው ከ16 አምስቴ ነው። አንድ ይበቃል፣ በሌላው ቦታ ፓቺሪሱ ኢኤክስ ይግባ።

ጨዋታው ሲረዝም ዴኩ ጣና ላይ ብዙ እንደቆየ የደንገል ታንኳ ነው፤ ቀላልነቱ ይቀርና ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ባላጋራው ትልቁን ፖኬሞን ካሳደገ በኋላ 90 አይበቃም። በሌላ በኩል አጭርነቱ ለባሕር ዳር ልጅ ይመቻል፤ በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ዶርም ውስጥም ሆነ ሐይቁ ዳር ማኪያቶ ይዞ በሞባይል ዳታ ለሚጫወት፣ ኔትወርክ ሳይቆራረጥ የሚያልቅ ጨዋታ ዋጋ አለው። ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት አይሠራም።

ገንዘብ ሳታወጡ ለመሥራት ትዕግሥት ያስፈልጋል። በቀን ሁለት የካርታ ጥቅል በነጻ ይከፈታል፣ አንዱ ጥቅል 5 ነጥብ ይሰጣል፣ አንድ ኢኤክስ በነጥብ ሲገዛ 500 ነው። 100 ጥቅል፣ ማለትም 50 ቀን። ነጥቡ ካገኛችሁበት የካርታ ስብስብ ወደ ሌላው ስለማይዛወር ሁለተኛው ፒካቹ እስኪገኝ ድረስ ዛፕዶስ ላይ አታባክኑት።