የደን ቆጠራ ሶፍትዌር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ውሰዱት

የደን ሶፍትዌር ሻጮች ዴሞ የሚያሳዩት ቢሮ ውስጥ ነው። ዋይፋይ አለ፣ ትልቅ ስክሪን አለ፣ ካርታው ነካ ሲያደርጉት ይከፈታል። ሥራው ግን እዚያ አይሠራም። እጁ በሙጫና በጭቃ የተለወሰ ሰው፣ ዝናብ የነካው ስልክ ይዞ፣ አርባኛውን ዛፍ የሚለካበት ቦታ ነው የሚሠራው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ለሙከራ የወሰድነው አንድ አፕ ነበር፣ ስሙ ይቆየን። ሙሉ ቀን ስድስት ፕሎት፣ ማለትም ዛፎቹ ለናሙና የሚለኩበት የተከለለ ቦታ፣ ለካን። ማታ ካምፕ ስንገባ አፑ እንደገና ሎግኢን አድርጉ አለን። ሎግኢን ለማድረግ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ደግሞ የለም። በማግስቱ ኔትወርክ ያለበት ወርደን ስንገባ፣ አፑ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ባዶ ፎርም አወረደና ስልኩ ላይ ባለው ላይ ደረበበት። የስድስት ፕሎት ልፋት ውሃ በላው። ተመልሰን ለካን።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም አፕ የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። ያልተላከ መረጃ ስልኩ ላይ ሳይነካ ስንት ቀን ይቆያል? ሰርቨሩ ላይ የገባውስ በምን መልክ ወጥቶ እጄ ይገባል? ካርታው፣ ግራፉ፣ ዳሽቦርዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ጫካ ውስጥ መረጃ የሚሰበስቡት

ብዙ ሰው የሚጀምረው በኦዲኬ ወይም በኮቦ ቱልቦክስ፣ ማለትም ፎርም በስልክ በሚያስሞሉ አፖች፣ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። የኮቦ የስልክ አፕ የተሠራው በኦዲኬ ላይ ነው፣ ፎርሙም የሚጻፈው በተመሳሳይ የኤክሴል አጻጻፍ ነው። ኤክሴል የሚችል ሰው በሁለት ቀን ፎርም ይሠራል። መረጃው አንድሮይድ ስልኩ ላይ ይቀመጣል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። እኔ በዚህ በኩል ከሁሉም በላይ የማምነው እነዚህን ነው።

ድክመታቸው የሚታየው የዛፎቹ ዝርዝር ሲረዝም ነው። ዛፍ በዛፍ የሚሞላው በተደጋጋሚ ክፍል ነው፤ አንዱን ዛፍ ጨርሰህ «ሌላ ልጨምር?» ሲልህ «አዎ» ትላለህ። ለአሥር ዛፍ ጥሩ ነው። ለሰባ ዛፍ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ዛፍ ቁጥር 23ን ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። መረጃውም ሲወጣ የፕሎቱ ሠንጠረዥ ለብቻ፣ የዛፉ ሠንጠረዥ ለብቻ ሆኖ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ቢሮ ውስጥ ከሌለ ነገሩ ይጓተታል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ማለትም ፋኦ፣ የሠራው ኦፕን ፎሪስ ከመነሻው ለዚህ ሥራ የታሰበ ነው። ክላስተር (የፕሎቶች ስብስብ)፣ ፕሎት፣ ዛፍ የሚለው ተዋረድ ውስጡ አለ። የዝርያ ዝርዝር ታስገባለታለህ፣ ለካዩ ሁለት ሦስት ፊደል ሲጽፍ ስሙን ያመጣለታል። አዲሱ አሬና የሚባለው በብራውዘር የሚሠራ ሲሆን፣ ስሌቱን አር በሚባለው የስታትስቲክስ ኮድ ቋንቋ እስከ መሥራት ድረስ ይሄዳል። ነፃ ነው፣ ኦፕን ሶርስ ነው።

ከኦዲኬ የሚለይበትን አንድ ነገር በቁጥር ላሳይ። 17.84 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ፕሎት ስፋቱ 0.1 ሄክታር ነው። ስለዚህ እዚያ ውስጥ የተለካ ዛፍ ሁሉ ወደ ሄክታር ሲቀየር በ10 ይባዛል። ዲያሜትሩ 31 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ ቤዛል ኤሪያው፣ ማለትም ግንዱ በደረት ቁመት ላይ ቢቆረጥ የሚታየው ክብ ስፋት፣ 0.075 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በሄክታር 0.75 መሆኑ ነው። አሁን ለካዩ 31.0 ብሎ ሊጽፍ ሲል ነጥቧን ዘለላት እንበል። 310 ሆነ። ያ አንድ ዛፍ ብቻውን በሄክታር 75 ካሬ ሜትር ሆኖ ቁጭ ይላል። አብዛኛው ደን ዛፉ ሁሉ ተደምሮ እንኳ እዚህ አይደርስም።

ኦዲኬ ላይ ከ150 በላይ የሆነ ቁጥር እንዳይገባ መከልከል ትችላለህ። ችግሩ፣ እውነተኛ ግዙፍ ዛፍ ሲመጣ ፎርሙ በጄ አይልም። ለካዩም ቶሎ ለመገላገል 150 ብሎ ጽፎ ያልፋል። አይቼዋለሁ። ኦፕን ፎሪስ ግን ስህተትንና ማስጠንቀቂያን ይለያል፤ «ይህ ቁጥር በዛ፣ እርግጠኛ ነህ?» የሚል ዓይነት ምልክት ያሳያል እንጂ መንገድ አይዘጋም። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን መረጃ በማጥራት ሳምንት ያባከነ ሰው ዋጋዋን ያውቃታል።

ኪውፊልድ ሌላ ዓይነት ነው። እሱ መነሻው ካርታ ነው። ቢሮ ውስጥ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ፕሮጀክቱን ታዘጋጃለህ፣ ስልኩ ላይ ያው ፕሮጀክት ከነካርታው ኦፍላይን ይከፈታል። በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል። ከውጭ የሚገናኝ ጥራት ያለው የጂፒኤስ መቀበያንም ይቀበላል። ቋሚ ፕሎት ላላቸው፣ ማለትም ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ያንኑ ዛፍ ለሚለኩ፣ የምመክረው ይህን ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ሥራ ላይ ግማሹ ጣጣ የድሮውን ፕሎት ማግኘት ነው። መረጃው በጂኦፓኬጅ ፋይል ይቀመጣል። ሰርቨር ባይኖር እንኳ ፋይሉን በኬብል ገልብጠህ መውሰድ ትችላለህ። መጥፎ ጎኑ፣ ኪውጂአይኤስ የሚያውቅ ሰው የግድ ያስፈልጋል። እሱ ሰውዬ ሥራ የለቀቀ ቀን ፕሮጀክቱን የሚነካ ይጠፋል።

ኢዝሪ የሚባለው ኩባንያ አርክጂአይኤስ የሚል የካርታ ሶፍትዌር አለው፤ የዚያ የስልክ አፕ ፊልድ ማፕስ ከሁሉም የተወለወለው ነው። ኦፍላይን ካርታው በደንብ ይሠራል፣ የተጠቃሚ አስተዳደሩ ጥብቅ ነው፣ ስልጠናውም በየቦታው ይገኛል። ነገር ግን ክፍያው በሰው ቁጥር፣ በየዓመቱ ነው። ቆጠራ ደግሞ ሦስት ወር አርባ ሰው የሚፈልግ፣ የቀረውን ጊዜ ሦስት ሰው የሚበቃው ሥራ ነው። ድርጅታችሁ ቀድሞውንም አርክጂአይኤስ የሚከፍል ከሆነ ሌላ ፍለጋ አትድከሙ። ካልሆነ ግን ለቆጠራ ብቻ ብሎ እዚያ መግባት አይታየኝም።

| | የሚያዋጣው | የሚያስቸግረው | ክፍያ |
|---|---|---|---|
| ኦዲኬ / ኮቦ | ለአንድ ጊዜ ቆጠራ፣ ለፈጣን ጅማሬ | ረጅም የዛፍ ዝርዝር | ሶፍትዌሩ ነፃ፣ የክላውድ አገልግሎቱ እንደ አጠቃቀሙ |
| ኦፕን ፎሪስ | ትልቅ፣ ብዙ ቡድን ያለው ቆጠራ | ዝግጅቱ ጊዜ ይወስዳል | ነፃ |
| ኪውፊልድ | ቋሚ ፕሎት፣ ካርታ የሚበዛበት ሥራ | የኪውጂአይኤስ ባለሙያ ይፈልጋል | አፑ ነፃ፣ ክላውዱ ከተወሰነ መጠን በላይ በክፍያ |
| ፊልድ ማፕስ | አርክጂአይኤስ ላለው ድርጅት | ጊዜያዊ ሠራተኛ ሲበዛ | በተጠቃሚ፣ በዓመት |

ሳተላይቱና ክላውዱ

እዚህ ላይ ሻጮች ብዙ ያወራሉ፣ እኔ ግን አላበዛም። ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ነፃ ነውና። የላንድሳት ምስል ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በነፃ ይገኛል። ሴንቲኔል 2 በ10 ሜትር ጥራት፣ ሁለቱ ሳተላይቶች አንድ ላይ ሲቆጠሩ በየ5 ቀኑ ተመልሶ ያያል። የምትከፍሉት እንግዲህ ለምስሉ ሳይሆን እሱን ለሚያበስለው ነው።

ጎግል ኧርዝ ኢንጂን ኃይለኛ ነው፤ ግን ኮድ መጻፍ ይፈልጋል። ለምርምርና ትርፍ ለሌለው ሥራ ነፃ ሲሆን፣ ለንግድ ሥራ ይከፈልበታል። ይህችን ነገር ኮንትራት ከመፈረም በፊት አጣሩ። የፋኦ ሴፓል ከውስጥ ኧርዝ ኢንጂንን ይጠቀማል፣ ፊት ለፊቱ ግን ኮድ ለማያውቅ ሰው በሚሆን መልኩ የተዘጋጀ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ካላችሁ ኧርዝ ኢንጂን፣ ከሌላችሁ ሴፓል። የደን መመንጠር ማስጠንቀቂያ ልሽጥላችሁ የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ መጀመሪያ ግሎባል ፎረስት ዋችን ክፈቱ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። ሻጩ ከዚያ የሚበልጥ ምን እንዳለው ይንገራችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። «በሳተላይት ብቻ የእንጨት መጠኑን እንነግራችኋለን» የሚል ሰው ሲመጣ ቀስ በሉ። ጥቅጥቅ ባለ ደን ላይ ተራው የሳተላይት ምስል የላይኛውን ቅጠል አይቶ ያቆማል። ከሥሩ ያለው ግንድ ሲወፍር ምስሉ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ፕሎት አይቀርም። ፕሎቱና ምስሉ ሲጋጠሙ ደግሞ ጂፒኤሱ ጉድ ይሠራል። የስልክ ጂፒኤስ ገላጣ ሜዳ ላይ 5 ሜትር ገደማ ይስታል። ቅጠል ሥር 10 ሜትር ቢስት አይገርምም። ያ 17.84 ሜትር ራዲየስ ያለው ፕሎት መሃሉ በ10 ሜትር ከተሳተ፣ ካርታው ላይ ከተሰመረው ክብ አንድ ሦስተኛው ያህል እናንተ ያልለካችሁት መሬት ነው። ገንዘብ ካላችሁ ለውዱ ዳሽቦርድ ሳይሆን ለተሻለ የጂፒኤስ መቀበያ አውጡት።

ስልክ ሜትሩን ይተካል?

በከፊል። የፊንላንዱ ትሬስቲማ በስልክ ፎቶ ቤዛል ኤሪያ ይገምታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ኦስትሪያዊው ዋልተር ቢተርሊክ በ1948 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀው፣ ቆመው ዙሪያውን እየተመለከቱ ከሚቆጥሩበት ዘዴ ጋር ይዛመዳል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት ፕሮ አይፎኖች ደግሞ የሌዘር መለኪያ፣ ማለትም ላይዳር፣ አላቸው። ግን ርቀቱ 5 ሜትር ያህል ነው። ዲያሜትር ሊያነብ ይችላል፣ የዛፉ ጫፍ ላይ ግን አይደርስም። ቁመት ለመለካት ያው የድሮው መሣሪያ ይቀጥላል።

የኔ ምርጫ፣ በሰው ለተተከለ፣ ግንዱ ቀጥ ላለና ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ለተመነጠረለት ደን ስልኩን ሞክሩ። ሐረግ ለተጠመጠመበትና ቁጥቋጦ ለበዛበት ግን ሜትሩን አትጣሉ። ስልኩ ቁጥቋጦውንና ግንዱን መለየት ሲያቅተው ቆመህ ማሳመን ትጀምራለህ፤ ሜትሩ እኮ በአምስት ሰኮንድ ይጨርሰው ነበር።

ከመፈረማችሁ በፊት ግማሽ ቀን

ሻጩን ዴሞውን ተወውና ስልኩን ብቻ ስጠኝ በሉት። ወደ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት። ዛፍ ያለበት ቦታ ሂዱና ሃያ አምስት ዛፍ ያለበትን አንድ ፕሎት ሙሉ። አሥራ ሁለተኛው ዛፍ ላይ ስትደርሱ ስልኩን አጥፉና አብሩት። አፑ ካቆመበት ቀጠለ? ወደ ሦስተኛው ዛፍ ተመልሳችሁ ዝርያውን ቀይሩ። ስንት ጊዜ መንካት ጠየቀ? ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ የመሬቱን ዝንባሌ አስልቶ ራዲየሱን ያስተካክላል ወይስ ለእናንተ ይተወዋል? በ20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ያ 17.84 ሜትር በቁልቁለቱ አቅጣጫ 19 ሜትር ገደማ መሆን አለበት።

ከዚያ ስልኩን ለአንድ ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት። በሳምንቱ አውጥታችሁ፣ ገና ኔትወርክ ሳታስነኩት፣ አፑን ክፈቱ። ሎግኢን ከጠየቀ እኔን አስታውሱኝ። ካልጠየቀ ኔትወርኩን ክፈቱና ላኩት። መረጃውን ደግሞ ሻጩ ሳይረዳችሁ፣ በራሳችሁ ሰው እጅ፣ ወደ ሲኤስቪ፣ ማለትም ኤክሴል ወደሚከፍተው ተራ የሠንጠረዥ ፋይል፣ አውጡት። ኤክሴል ላይ ስትከፍቱት ሃያ አምስት ረድፍ መኖር አለበት፣ ሦስተኛው ዛፍ ላይም የቀየራችሁት ዝርያ። ሻጩ ያን ጊዜ «ኤክስፖርቱ በሚቀጥለው ቨርዥን ይመጣል» ካለ፣ እናንተም በሚቀጥለው ቨርዥን እንገዛለን በሉት።