ሙሉ ደቂቃ ለሚቆጥሩ የጤና ሠራተኞች ምስጋና፣ ለወላጆች ጥቆማ

በስልካቸው ላይ በተጫነ የሕክምና መምሪያ መተግበሪያ እየታገዙ የታመመ ልጅ ለሚመረምሩ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ከልብ የመነጨ ምስጋናችን ይድረሳቸው። ሥራውን በቅርብ ስለምናውቀው ምስጋናው ለምን እንደሚገባቸው በዝርዝር እንጽፋለን፤ ልጅ ለታመመበት ሰውም ምን ዓይነት ባለሙያ መፈለግ እንዳለበት ይጠቁመዋል።

በወረቀት ሲሠራ ጥያቄ መዝለል ይቀላል። ወረፋ ሲበዛ በሳል የመጣ ልጅ ሳሉ ብቻ ታይቶ፣ ተቅማጡና የክንዱ ቅጥነት (የምግብ እጥረት ምልክት) ሳይነሳ ይሸኛል። ጥሩ መተግበሪያ ግን አራቱ የአደጋ ምልክቶች ሳይሞሉ ወደ ቀጣዩ ገጽ አያሳልፍም፦ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ በዚህ ሕመም የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት። አንዱ እንኳን ከተገኘ ልጁ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይላካል። እስከ ነገ ይታይ አይባልም።

ትልቁ ምስጋና ለትንፋሽ ቆጠራው ነው። ልጁ እቅፍ ውስጥ ሆኖ፣ ልብሱ ከሆዱ ገለጥ ተደርጎ፣ ሳይጠባና ሳያለቅስ 60 ሰከንድ ሙሉ ይቆጠራል። ባለሙያዋ ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር ስክሪኑን አንዴ ነካ ታደርጋለች፤ ሰዓቱን ስልኩ ስለሚይዝላት ዓይኗ ከልጁ አይነሳም። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ስለሚል፣ የአንዲት ትንፋሽ ስህተት አራት ሆና ትወጣለች። ልጁ መሃል ላይ ካለቀሰ ቆጠራው ይተውና እንደገና ይጀመራል። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ይህን በትዕግሥት ማድረግ ቀላል አይደለም፤ የሳንባ ምች የሚለየው ግን በዚህ ቆጠራ ነው።

ዕድሜም በወር በትክክል መግባት አለበት። ፈጣን ትንፋሽ የሚባለው ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ (ይህ ተደግሞ ይቆጠራል)፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላልሞላው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ነው። በደቂቃ 44 ጊዜ የሚተነፍስ የ11 ወር ልጅ ትንፋሹ ፈጣን አይባልም፤ የ13 ወር ከሆነ ግን ፈጣን ነው። «ዓመት ገደማ ነው» የሚል መልስ የማይበቃት፣ የክትባት ካርዱን አይታ የምትሞላ ባለሙያ ካገኛችሁ አትልቀቋት።

ስልኩም ያስቸግራል። በቆጠራ መሃል ጥሪ ይገባል፣ ስክሪኑ ይጠፋል፤ ጠንቃቃ ባለሙያ አስቀድማ ሁለቱንም ታስተካክላለች። መተግበሪያው ያለ ኔትወርክ ሠርቶ መረጃውን ኋላ የሚልክ መሆን አለበት። በስልክ ካሜራ የደም ኦክስጅን እንለካለን የሚሉትን አትመኑ፤ ለልጅ ጣት በሚሆን መለኪያ ይለካ፣ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ በአስቸኳይ ይላክ።

ወላጆችም በስልካችሁ ልታግዙ ትችላላችሁ። መንቀጥቀጥ ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ስለሚምታታ፣ አንዱ ልጁን በጎኑ አስተኝቶ ሲይዝ (አፉ ውስጥ ምንም አይግባ) ሌላው ጥቂት ሰከንድ ቪዲዮ ይቅረጽ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነም እንዲሁ። ለመቅረጽ ተብሎ ግን ጉዞ አይዘግይ።

ለተቅማጥ የመጀመሪያውን ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እናትየው ፊት ለፊቷ እንድትበጠብጥ የምታደርግ፣ ዚንክ ከ6 ወር በታች 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊግራም በቀን እንደሚሰጥ የምታስረዳ ባለሙያም ምስጋና ይገባታል። ተቅማጡ ስለቆመ ብቻ ዚንኩን የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው፤ ከ10 እስከ 14 ቀን መሰጠት አለበት። ስልኩ የቀጠሮውን ቀን ያስታውሳታል፣ የሳንባ ምች የታከመውን ልጅ በ3ኛው ቀን መልሳ ታየዋለች። ከመሸኘታችሁ በፊት «መቼ እንመለስ? ምን ካየን ሳንቆይ እንምጣ?» ብላችሁ ጠይቋት።