ስድስት ተዋናይ፣ ሃያ ገጸ ባሕርይ፦ የሠራተኞቹ ሙዚቃዊ ቴአትር በደሴ

ቴአትሩ ዋና ገጸ ባሕርይ የለውም። ሊስትሮው፣ ወያላው፣ ጀበና ቡና ሻጯና የኮምቦልቻዋ የፈትል ሠራተኛ በየተራ ሥራቸውን ይዘፍናሉ። ስድስቱ ተዋንያን ሁሉንም የሚጫወቱት ነጠላ፣ ጋዋን ወይም ኮፍያ ብቻ እየቀያየሩ ነው፤ ብልህ ምርጫ ነው።

ምርጧ ፈታይዋ ናት። በአምባሰል ቅኝት እያዜመች የተበጠሰውን ክር በሁለት ጣቷ ጠምዝዛ ስትቀጥል እጇ ከከበሮው ምት አይዛነፍም።

ወያላው ግን ተበድሏል። «ቧንቧ ውሃ፣ አንድ ሰው!» ብሎ ወደ ሰፈሩ ተሳፋሪ ጠርቶ ሳያርፍ በባቲ ቅኝት የሚዘፍነውን ከላይ ስለሚጀምር ድምፁ ይሰነጠቃል። ክራሩን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ወይም ከጥሪው በኋላ አራት ምት ማሳረፍ ይበቃ ነበር። ደረት ላይ የተሰካው ማይክ ነጠላ በነካው ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ጉንጭ ላይ ይለጠፍ። ትኬት ስትቆርጡ መሐል ረድፍ ያዙ፤ ከፊት ስፒከሩ ግጥሙን ይውጠዋል።